«አዶናይ» ወይስ «ሐሼም»? አይሁድ በጸሎትና በዝማሬ አምላካቸውን የሚጠሩበት መንገድ

በአይሁድ ምኵራብ የመዘምራን ልምምድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ አንድ ግር የሚያሰኝ ቃል ሊሰማ ይችላል። መዘምራኑ ሰንበት ሲደርስ «አዶናይ» ብለው የሚያዜሙትን ስንኝ በሳምንቱ መካከል ሲለማመዱት «አዶሼም» ይሉታል። ቃሉ በኦሪት የለም፤ በነቢያት የለም፤ በጸሎት መጽሐፉም አይገኝም። ከሁለት ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ራሱን ከ«አዶናይ»፣ ጅራቱን ከ«ሐሼም» ወስዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልምምድ ጸሎት አይደለም፤ አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ ማቋረጥና አሥር ጊዜ መጀመር አለበት። በዚያ መሐል የአምላክን ስም ማመላለስ «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳይነካ ይፈራል። ስለዚህ በስሙ ቦታ «ሐሼም» ይባላል። «ሼም» የእኛው «ስም» ነው፤ «ሐሼም» ማለትም «ስሙ» እንደማለት ነው። ችግሩ ዜማው ላይ ነው። «አ-ዶ-ናይ» ሦስት ምት አለው፣ «ሐ-ሼም» ሁለት። ለሦስት ምት የተደረሰ ዜማ ሁለት ብቻ ሲሰጡት ያነክሳል። «አ-ዶ-ሼም» ግን ልክ ይገባል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፖላንድ የኖሩት ረቢ ዳዊት ሃሌቪ ሴጋል ይህን ቃል አልወደዱትም። የሰማይን ክብር ዝቅ ያደርጋል ብለው ጻፉ፤ ቅዱሱን ስም ከሌላ ቃል ጋር ማደባለቅ አክብሮት ሳይሆን ድፍረት መሰላቸው። ብዙ ረቢዎች ዛሬም ይስማሙባቸዋል። ቃሉ ግን ከእርሳቸው በኋላ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ኖሯል። ዜማ ሲቸግረው ረቢ አይሰማም።

ይህ ትንሽ የልምምድ ብልሃት ከኋላው ረጅም ታሪክ አለው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ የአምላክ መጠሪያ ሆኖ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ዮድ፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ሄ በሚባሉ አራት ፊደላት የሚጻፈው ስም ነው፤ ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል። ይህ ስም እንደተጻፈው የሚጠራው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ውስጥ ነበር። የጥንት ረቢዎች የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና እንደሚተርከው ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን ስሙን ሲጠራ በአደባባዩ የቆሙት ካህናትና ሕዝብ በግንባራቸው ተደፍተው «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘላለም ይባረክ» ይሉ ነበር። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ሲፈርስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያ ድምፅ አብሮ ጠፋ። ፊደሉ ይጻፋል፤ አንባቢው ግን ሲደርስበት «አዶናይ» ይላል፤ «ጌታዬ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ተከሰተ። ምትኩ ራሱ በአገልግሎት ብዛት ተቀደሰ። «አዶናይ» መጀመሪያ ስሙን ለመሸሽ የተመረጠ ቃል ነበር፤ ዘመናት ሲያልፉ እርሱም ከጸሎትና ከንባብ ውጭ የማይጠራ ሆነና ለምትኩ ሌላ ምትክ አስፈለገው። «ሐሼም» የመጣው በዚህ በር ነው። ዛሬ በኢየሩሳሌም ገበያ ውስጥ «እንዴት ነህ?» ለተባለ ሃይማኖተኛ የተለመደው መልስ «ባሩኽ ሐሼም» ነው፤ የእኛው «እግዚአብሔር ይመስገን»።

«ይሖዋ» የሚለው አጠራርም ከዚሁ ልማድ የተወለደ ነው። የዕብራይስጥ ፊደል እንደ ግእዙ አናባቢውን በላዩ ይዞ አይጻፍም። የንባብ ምልክት ያበጁት ሊቃውንት በአራቱ ፊደላት ላይ የ«አዶናይ»ን አናባቢዎች አኖሩ፤ ለአንባቢው «አዶናይ በል» የሚል ማስታወሻ መሆኑ ነበር። ኋላ የመጡ ክርስቲያን አንባቢዎች ማስታወሻውን ከፊደሉ ጋር አንድ ላይ አነበቡት። «ያህዌ» ደግሞ ሊቃውንት የጥንቱን ድምፅ መልሰው ለማግኘት ያደረጉት ሙከራ ነው። በአገራችን ሁለቱም በመዝሙር እንደ ልብ ይጠራሉ፤ «አዶናይ» እና «ኤልሻዳይ» ተብለው የተሰየሙ ልጆችም ጥቂት አይደሉም። አጥባቂ አይሁዳዊ በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ እናት «አዶናይ! ምሳ ዕቃህን!» ብላ ስትጣራ ቢሰማ የሚሰማውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። በነገራችን ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2008 ከቫቲካን ባወጣችው መመሪያ «ያህዌ» የሚለው ስም በቅዳሴና በመዝሙር እንዳይጠራ ወስናለች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የአይሁድ ልማድ ነበር።

ታዲያ መቼ የቱ ይባላል? በጸሎት ጊዜ «አዶናይ» ይባላል፤ ይህ አያከራክርም። እንዲያውም ስሙ ያልተጠራበት ቡራኬ ቡራኬ አይደለም ይላል ታልሙድ፣ የጥንት ረቢዎች ክርክርና ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ። ከጸሎት ውጭ «ሐሼም»። ሕፃናት ቡራኬ ሲማሩ ግን ስሙን በሙሉ እንዲጠሩ ተፈቅዷል፤ በምትክ ቃል የተማረ ልጅ ሲያድግም በምትክ ቃል ይጸልያልና። «ኤሎሂም» የሚለው ሌላው መጠሪያ በተራ ንግግር ላይ አንድ ድምፁ ተለውጦ «ኤሎኪም» ይሆናል፣ «ኤል» ደግሞ «ኬል»። ጥንቃቄው እስከ ቁጥር ይደርሳል፤ ዕብራይስጥ በፊደል ሲቆጥር 15 ዮድና ሄ፣ 16 ደግሞ ዮድና ቫቭ መሆን ነበረባቸው፤ ሁለቱም ከስሙ ፊደላት ጋር ስለሚገጥሙ 9 እና 6፣ 9 እና 7 ተብለው ይጻፋሉ።

አጨቃጫቂው ቦታ በጸሎትና በጨዋታ መካከል ያለው ነው፤ ይኸውም መዝሙር። በሰንበት ገበታ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚዘምራቸው የቆዩ ዝማሬዎች ምን ይባላሉ? ጸሎት ከሆኑ «አዶናይ» ይባል፤ ከምግብ በኋላ የሚመጣ የደስታ ዜማ ከሆኑ «ሐሼም»። ቤቶች በዚህ ይለያያሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ገበታ ዙሪያ አማችና አማት ይለያያሉ። ለገበያ በሚቀዳ ዝማሬ ላይ ግን በጥብቅ ሥርዓት የሚኖሩ ዘማሪዎች ብዙውን ጊዜ «ሐሼም» ይመርጣሉ፤ የተቀዳው ድምፅ በታክሲም በሠርግ አዳራሽም ይከፈታልና።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው መፍትሔ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገሊላ ተራሮች ላይ ባለችው በጽፋት ከተማ የተገኘው ነው። ረቢ ኤልዓዛር አዚክሪ «ይዲድ ኔፌሽ» የተሰኘውን ዝማሬ ደረሱ፤ «የነፍስ ወዳጅ» ማለት ነው፤ በ1601 በቬኒስ ታተመ። ዝማሬው አራት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው በዮድ፣ ሁለተኛው በሄ፣ ሦስተኛው በቫቭ፣ አራተኛው በሄ ይጀምራል። የአራቱ ፊደላት ስም በግጥሙ ራስ ላይ ከላይ ወደ ታች ቆሟል፤ በአፍ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። ዘማሪው «አባት ርኅሩኅ» እያለ፣ በፍቅር ታመምሁ እያለ፣ እንደ ዋላ ወደ አንተ እሮጣለሁ እያለ ስሙን ሳይናገር ስሙ ውስጥ ይመላለሳል። የእኛ የቅኔ መምህራን ቢያዩት ወርቁን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅባቸውም ነበር።

እስካሁን ያየነው ስሙን ስለመጥራት ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ አምላክን ምን ብሎ ማሞገስ ይገባል? ታልሙድ ስለ አንድ ጸሎት መሪ ይተርካል። ሰውየው በረቢ ሐኒና ፊት ቆሞ «ታላቅ፣ ኃያል፣ የሚያስፈራ፣ የከበረ፣ ብርቱ፣ ጽኑ…» እያለ ማዕረግ ይደረድራል። ረቢው እስኪጨርስ ጠብቀው «የጌታህን ምስጋና ሁሉ ጨረስኸው?» አሉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እንኳ የምንላቸው ሙሴ በኦሪት ስላላቸው ነው፤ አንተ ግን እልፍ አእላፋት የወርቅ ዲናር ያለውን ንጉሥ በብሩ እንደሚያሞግስ ሰው ሆንህ አሉት።

ሌላው ታሪክ ከዚህም ይጠልቃል። ሙሴ «ታላቅ፣ ኃያል፣ የሚያስፈራ» ብሎ ነበር። ኤርምያስ መጣና ባዕዳን በመቅደሱ ውስጥ ይጨፍራሉ፤ አስፈሪነቱ የት አለ? ብሎ «የሚያስፈራ»ን ተወ። ዳንኤል ደግሞ ባዕዳን ልጆቹን ባሪያ አድርገዋል፤ ኃያልነቱ የት አለ? ብሎ «ኃያል»ን ተወ። በኋላ የታላቁ ጉባኤ ሰዎች፣ ከባቢሎን ምርኮ ወዲህ የተነሡት ሊቃውንት፣ ሁለቱን ቃላት መለሱ፤ ቁጣውን መግታቱ ራሱ ኃይሉ ነው፣ አንድ ትንሽ ሕዝብ በአሕዛብ መካከል ሳይጠፋ መኖሩም አስፈሪነቱን ይመሰክራል አሉ። ታልሙድ ይጠይቃል፦ እነዚያ ነቢያት ሙሴ የደነገገውን ለመቀነስ እንዴት ደፈሩ? መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አምላካቸው እውነተኛ እንደሆነ ስለሚያውቁ ሊዋሹት አልፈለጉም።

እኔ ይህን ክርክር ከስሙ ክርክር በላይ አድርጌ አየዋለሁ። ስሙን አለመጥራት የአፍ ጥንቃቄ ነው። ያላመኑበትን ማዕረግ አለመጥራት ግን የልብ ነው። በኋላ ዘመን በማዕረግ ቃላት ላይ የተነሣው ሙግት ሁሉ፣ ወደፊት የምናየው የሴቶቹም ጭምር፣ ከኤርምያስና ከዳንኤል ጥያቄ ብዙም የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ተውላጠ ስሙ እንምጣ። የአይሁድ ቡራኬ የሚጀምረው «ባሩኽ አታ አዶናይ» ብሎ ነው። ዳዊት የሚደግም የአገራችን ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ «ቡሩክ አንተ እግዚኦ» ነው። ቀጥሎ «አምላካችን፣ የዓለም ንጉሥ» ይልና እዚህ ላይ ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ይሰናከላል፤ «በትእዛዛቱ የቀደሰን» ይላል እንጂ «በትእዛዛትህ የቀደስኸን» አይልም። «አንተ» ብሎ የጀመረው ሰው በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እርሱ» ብሎ ይጨርሳል። ለሰው እንዲህ ብንናገር ፊት እንደማዞር ይቆጠርብናል። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ግን ስሕተት አላሉትም፤ አምላክ በሥራው የሚታይ በባሕርዩ የተሰወረ ስለሆነ ቡራኬው በሚታየው ይጀምራል፣ በተሰወረው ያበቃል ብለው አስተማሩ።

ድሮም ቢሆን ይህ «አንተ» ሳይጠየቅ የገባ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባቢሎን የነበሩት ሁለቱ ታላላቅ መምህራን ራቭና ሽሙኤል ተከራክረውበታል። ራቭ በቡራኬ ውስጥ «አንተ» ማለት ግድ ነው አሉ፤ ሽሙኤል ግድ አይደለም አሉ። የጸሎት መጽሐፉ የራቭን ያዘ።

«አንተ»ን እስከ መጨረሻው የወሰደው ግን በዪዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ፣ የተዘመረ ዝማሬ ነው። በ1809 ያረፉት የበርዲቼቭ ረቢ ሌዊ ይስሐቅ እንደደረሱት የሚነገር «ዱዴሌ» የሚባል ዜማ አለ። ዪዲሽ እንደ አማርኛ ሁለት ዓይነት አጠራር አለው፤ ለቅርብ ሰው «ዱ»፣ ለሚከበር ሰው «ኢር»። ረቢው ለአምላክ የመረጡት «ዱ»ን ነው። ወዴት ላገኝህ? ወዴትስ አላገኝህም? እያሉ ይጀምሩና ወደ ምሥራቅ «ዱ»፣ ወደ ምዕራብ «ዱ»፣ ወደ ላይ «ዱ»፣ ወደ ታች «ዱ» እያሉ ከዚያች አንዲት ቃል ሌላ ቃል እስኪጠፋ ድረስ ይደጋግሟታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ በቀላሉ ይገባዋል። ለአባታችን ለቄሱ «እርስዎ» እንላለን፤ ለሹም «እርስዎ» እንላለን፤ ለፈጣሪ ግን «አንተ ታውቃለህ» ነው የምንለው። «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ቢገኝ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዞሮ ያየው ነበር።

ከ«አንተ» ቀጥሎ «ንጉሥ» አለ። ራቭ ቡራኬ ስም ይሻል ሲሉ ረቢ ዮሐናን ደግሞ ንግሥናው ያልተጠቀሰበት ቡራኬ ቡራኬ አይደለም አሉ፤ «ሜሌኽ ሐዖላም»፣ «የዓለም ንጉሥ» የሚለው በዚህ ጸና። «ሜሌኽ» እና የእኛ «አምላክ» ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ልብ ይሏል፤ በግእዝ «መለከ» ገዛ ማለት ነው። እኛ «አምላክ» ስንል ሳናስበው ገዥነቱን ጠርተናል። በድርቅ ዘመን ረቢ ኤሊዔዘር ሃያ አራት ቡራኬ ደግመው ዝናብ እንደቀረ፣ ረቢ ዐቂባ ግን ተነሥተው «አባታችን ንጉሣችን» ብለው ሲለምኑ እንደዘነበ ታልሙድ ይናገራል። በስርየት ቀን ሰሞን የሚዘመረው «አቪኑ ማልኬኑ» የሚጀምረው ከእነዚያ ሁለት ቃላት ነው፤ ቅርቡና ሩቁ፣ አባትና ንጉሥ፣ ጎን ለጎን።

አባትም ንጉሥም ወንድ ናቸው የሚለው ጥያቄ በ1970ዎቹ በአሜሪካ በረታ። በ1976 በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴት ተማሪዎች አምላክን በሴት ጾታ የሚጠራ የጸሎት መጽሐፍ አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ «ሜሌኽ»ን በ«ሩአኽ» የሚተኩ፣ ይኸውም «የዓለም ንጉሥ» በማለት ፈንታ «የዓለም መንፈስ» የሚሉ ብዙ ሆኑ፤ «ሩአኽ» በዕብራይስጥ በአብዛኛው አንስታይ ነውና። «ባሩኽ አታ»ን «ብሩኻ አት» ያደረጉም አሉ፤ «ቡርክት አንቺ» እንደማለት። የለዘብተኞቹ የሪፎርም አይሁድ በ2007 ያሳተሙት የጸሎት መጽሐፍ ዕብራይስጡን በአመዛኙ እንደነበረ ትቶ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ከጾታ ነጻ አደረገ። ይህ ለእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» በእርሱ አንድ ቃል ናቸው። ዕብራይስጥ ግን እንደ አማርኛ ነው፤ ተውላጠ ስሙን ብትሸሸው ግሡ ይይዝሃል።

ገጣሚዋ ማርሻ ፎክ በ1996 ባሳተሙት የቡራኬ መጽሐፍ ሌላ መውጫ ፈለጉ። «ንቫሬኽ» አሉ፤ «እንባርክ» ማለት ነው። «የሕይወትን ምንጭ እንባርክ»። «እኛ» ወንድም ሴትም አይደለም፤ ሰዋስዋዊ መፍትሔው ብልህ ነው። ነገር ግን «አንተ» አብሮ ጠፋ። እርስ በርስ እንነጋገራለን እንጂ ማንንም አንጠራም። ሽሙኤል ምናልባት ይስማሙ ነበር፤ ራቭ ግን በፍጹም። ስለ «ንጉሥ» የቀረበው ክርክር ያሳምነኛል፤ በ«አንተ» መጥፋት ግን ከራቭ ጋር እቆማለሁ። የሚሰማው ካልተጠራ ልመናው ለማን ነው? (አማርኛ ሦስተኛ መንገድ እንዳለው ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ «እርስዎ» ጾታ የለውም። ጾታውን የሚደብቅ ቃል በእጃችን አለ፤ ለፈጣሪ ግን አንሰጠውም፤ ያርቅብናልና።)

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ በሰሜን ኢትዮጵያ የነበሩት አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ አልሰሙትም። ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ መጽሐፋቸው የግእዙ ኦሪት ነበር። ጸሎታቸው በግእዝ ነው፤ በመካከሉ አገውኛ ይገባበታል። መጻሕፍቶቻቸው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ይከፈታሉ። «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል «እግዚእ» ከሚለው፣ ማለትም «ጌታ» ከሚለው የተገነባ ነው፤ የጥንት ተርጓሚዎች በአራቱ ፊደላት ቦታ ያስገቡትም እርሱን ነው። እንግዲህ ቤተ እስራኤል ሳይነገራቸው ከ«አዶናይ» ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱም በስሙ ቦታ «ጌታ» ይላሉ። ልዩነቱ «እግዚአብሔር» ሌላ ምትክ አለመፈለጉ ነው። በጸሎትም በሰላምታም በእርግማንም ይጠራል። ሕዝቡ «እግዜር» ብሎ ቢያሳጥረውም ከአፍ ልማድ እንጂ ከፍርሃት አይደለም።

በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰዎች እስራኤል ሲገቡ ሁለቱ ልማዶች በአንድ ሳሎን ተገናኙ። አያት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ በሃይማኖት ትምህርት ቤት ያደገው የልጅ ልጅ «ባሩኽ ሐሼም» ይላል። በስግድ፣ በቤተ እስራኤል ዓመታዊ የጾምና የጸሎት በዓል፣ በኢየሩሳሌም የሚሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቄሶቹ በግእዝ ይጸልያሉ፤ ከወጣቶቹ መካከል ግእዙን የሚሰማ ጥቂት ነው፤ ዕብራይስጡን በአፋቸው ያውቁታል። በዓሉ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ ነው፤ የግእዙ ጸሎት ግን ከቄሶቹ ቀጥሎ ማን ይይዘዋል የሚለው ገና ክፍት ጥያቄ ነው።

ለሕጉ ጠበቆች ደግሞ አንድ የወረቀት ጥያቄ ይቀራል። በዕብራይስጥ የተጻፈ የአምላክ ስም አይፋቅም፤ ያረጀ የጸሎት መጽሐፍ አይጣልም፤ «ጌኒዛ» በሚባል ማኖሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይቀበራል። በካይሮ ቤን ዕዝራ ምኵራብ እንዲህ ባለ ማኖሪያ የተከማቸው ብራና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲወጣ ሊቃውንትን ለመቶ ዓመት ሥራ አስይዟል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ስም ግን? የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ሻብታይ ሃኮሄን በሌላ ቋንቋ የተጻፈው እውነተኛ ስም ስላልሆነ መፋቅ ይቻላል ብለዋል። በዚህ ከሄድን በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ከታተመ የስግድ ጸሎት ገጽ ላይ «አዶናይ» የሚነበብበት ዓምድ ወደ ጌኒዛ ይገባል፤ «እግዚአብሔር» ያለበት ዓምድ ግን በሕጉ አይገደድም። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ወረቀት ላይ ናቸውና አብረው ይቀበራሉ።